ሱ ሺን ያለ ቦታው አሰደድኩት

የቻይናን ታሪክ እያጠናሁ ነው። ትናንት ማታ ሁዌይጆ የምትባለውን የድሮ አውራጃ ስድስት ወረዳዎች ደብተር ሳልገልጥ ጻፍኳቸው፦ ሼ፣ ዪ፣ ሺዩኒንግ፣ ዉዩዋን፣ ጂሺ፣ ቺመን። ለሰው ምንም ነው፤ እኔ ግን በደስታ ቡና አፈላሁ።

አጀማመሬን ልዝለለው። ሥርወ መንግሥታትን በተራ ሸምድጄ ሁለት ወር አባክኛለሁ፣ እንዳትደግሙት። አንድ አውራጃ ያዙና እስከ መጨረሻው ተከተሉት። (የቻይንኛውን «ፉ» አውራጃ፣ «ሺየን»ን ወረዳ እያልኩ ነው የማጠናው፤ ልክክ ባይልም ይገባኛል።) የእኔው በዛሬዋ አንሁዌይ ክፍለ ሀገር ደቡብ ያለ ተራራማ አገር ነው። «አንሁዌይ» ራሱ ከሁለት አውራጃዎች፣ ከአንቺንግና ከሁዌይጆ፣ የተቆራረጠ ስም ነው።

መከራዬ የአውራጃው ስም መቀያየር ነበር። በ589 እ.ኤ.አ. ሼጆ፣ በ742 ሺንአን፣ በ758 ተመልሶ ሼጆ። በ1120 ፋንግ ላ የሚባል ሰው አመፀ። በማግስቱ ዓመት አመፁ ሲደቆስ ቤተ መንግሥቱ ሼጆን ሁዌይጆ፣ ጎረቤቱን ሙጆን ደግሞ ያንጆ አለው። እሺ፣ ይህን ያዝኩት።

ከዚያ ባለቅኔው ሱ ሺ በ1094 ወደ ሁዌይጆ ተሰደደ የሚል አገኘሁና በደስታ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። ታናሽ ወንድሙ ሱ ጀ ደግሞ በ1085 የጂሺ ወረዳ ሹም ስለነበር ነገሩ የተገጣጠመ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት በዚሁ ቆየሁ። ያነቃኝ ሊቺ ነው፤ ሰውየው በግጥሙ ሊቺ እየበላ ይደሰታል፣ ሊቺ ደግሞ የሞቃት አገር ፍሬ ነው። የእኔ ተራሮች ላይ ምን ይሠራል?

ለካ ሁዌይጆ ሁለት ነው! ሱ ሺ የተሰደደው በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ወዳለው ነው። በቻይንኛ ፊደላቸውም ዜማቸውም (ሲነገሩ የድምፁ መውጣትና መውረድ) ይለያያል። እኛ ግን «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ አንድ አድርገን እንደምንጽፈው፣ በግዕዝ ፊደል ሁለቱም ሁዌይጆ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቻይንኛውን እስላለሁ። እስላለሁ ነው ያልኩት፣ ማንበብ አልችልም። አስቀያሚ ነው፣ ግን ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ ይበልጣል። ዜማውን ጆሮዬ ዛሬም አይለየውም፤ በዚህ በኩል ምክር አትጠይቁኝ።

አውራጃው በ1912 ፈረሰ። ዉዩዋን በ1934 ለጎረቤት ክፍለ ሀገር ለጂያንግሺ ተሰጠች፣ በ1947 ተመለሰች፣ በ1949 እንደገና ሄደች። እኔ ካርታዬ ላይ እስካሁን ከአምስቱ ጋር በአንድ ቀለም ነው የማቀልማት።