ጥቁሮቹን ማየት ከፈለግሽ ሎይሳ ሂጂ

በአሜሪካ ሥር ባለችው የካሪቢያን ደሴት በፖርቶ ሪኮ፣ ዋና ከተማዋ ሳን ሁዋን በነበርኩበት ሰሞን ዶሚኒካን ነሽ ወይ ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው። የካፌዋ አስተናጋጅ፣ የፋርማሲው ጥበቃ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሁሉም «ዶሚኒካና?» ይላሉ። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው ስለ ሯጮቻችን ያነሣሉ። ስፓኒሼ የመኪና ማቆሚያ ስፓኒሽ ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ እንደሚያውቀው፣ ከኤል ሳልቫዶር ልጆች ጋር አብሮ ሲውሉ የሚለቃቀም። በአነጋገሬ ነው እንዳልል ግን አፌን ሳልከፍትም ይጠይቁኛል። ከጎረቤት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሞና ሰርጥን በጀልባ ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ሰው በከተማው ብዙ ነው፤ የማያውቁት ጥቁር ፊት ሲያዩ ቶሎ ትዝ የሚላቸው እሱ ነው።

አንድ የታክሲ ሹፌር ነገሩን በአንድ አፍ ጨረሰልኝ። ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝና የሳን ሁዋን ጎረቤት የሆነችውን የሎይሳን ከተማ በዓል ለማየት ነው አልኩት። «አዎ፣ ጥቁሮቹን ማየት ከፈለግሽ ሎይሳ ሂጂ። እዚያ ነው ያሉት» አለኝ። ሰውዬው ከእኔ ይጠቁራል። በመስታወቱ ዓይኑን ፈልጌ እየቀለደ እንደሆነ ለማየት ሞከርኩ፤ አልቀለደም።

ፖርቶ ሪኮ አፍሪካዊ ሥሯን አትክድም። አድራሻ ሰጥታ አስቀምጣዋለች፤ አድራሻውም ሎይሳ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ቅይጥ ነው፣ ቦሪኩዋ (ፖርቶ ሪካዊ) ነው፣ ትንሽ ከሁሉም አለው። ይህ አመለካከት የመንገድ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት አሮጌው ሳን ሁዋን ውስጥ ነው። በ1955 የተቋቋመው የፖርቶ ሪኮ ባህል ተቋም ማኅተም ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ወገን የደሴቷ ነባር ሕዝብ ታይኖ፣ በሌላው አፍሪካዊ፣ መሐል ላይ ደሴቷን ይገዛ የነበረው ስፔናዊ። ታይኖው የአማልክቱን ምስል፣ አፍሪካዊው ከበሮና ገጀራ ይዘዋል። መጽሐፉ በመሐለኛው እጅ ነው። ማኅተሙን የሳለው ሎሬንሶ ኦማር ትልቅ ሠዓሊ ነው፤ ዓላማውም ሦስቱን እኩል አድርጎ ማክበር ነበር። ግን አንድ ጊዜ ካየሁት በኋላ ያ መጽሐፍ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

እዚያው ከተማ፣ ከማኅተሙ ብዙም ሳይርቅ ሉና የሚባል መንገድ አለ። ሲጋራ በመጠቅለል የሚተዳደር ራፋኤል ኮርዴሮ የሚባል ጥቁር ሰው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ እዚያ ቤቱ ውስጥ ልጆችን ሳያስከፍል ፊደል ያስተምር ነበር፤ የባሪያውንም የጌታውንም ልጅ። መጽሐፍ ይዞ ማኅተም ላይ ቢቆም የሚያንሰው ነገር የለም። ዛሬ ጋለሪና ቡና ቤት የበዛበት ሳንቱርሴም ድሮ ካንግሬሆስ ይባል ነበር፤ ከእንግሊዝና ከዴንማርክ ደሴቶች አምልጠው የመጡ ባሪያዎች በስፔን መሬት ነፃ ናችሁ ተብለው የሰፈሩበት ቦታ ነው። አርቱሮ ሾምበርግ በ1874 የተወለደው እዚያ ነው። ልጅ ሳለ አስተማሪው ጥቁሮች ታሪክ የላቸውም ብለው ነበር ይባላል። ኒው ዮርክ ሄዶ ዕድሜውን ሙሉ መጻሕፍትና የእጅ ጽሑፎች ሲሰበስብ ኖረ። በ1926 የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ስብስቡን ገዛው፤ ሃርለም ውስጥ በስሙ የሚጠራው ማዕከል መሠረቱ ይህ ነው። ሳንቱርሴ ውስጥ ስዞር ስሙን ያነሣሁላቸው ወጣቶች አብዛኞቹ አላወቁትም።

ወደ ሎይሳ የሚወስደው 187 ቁጥር መንገድ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ሆቴሎቹ ያልቁና ድልድይ ይመጣል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ፒኞኔስ ነው። በግራ ባሕር፣ በቀኝ ማንግሮቭ የሚባለው የረግረግ ደን፣ መንገድ ዳር ቆርቆሮ የለበሱ ምግብ ቤቶች። ከሩቅ የሚታየው ጭሱ ነው። አልካፑሪያ እዚህ ነው የሚበላው፤ ጥሬ ሙዝና ጎደሬ መሰል ሥራሥር ተፈጭቶ፣ ሆዱ በሸርጣን ሥጋ ተሞልቶ፣ በዘይት የሚጠበስ። ከውጭ ይንኮሻኮሻል፣ ከውስጥ ይለሰልሳል፣ ምላስ ያቃጥላል። ሎይሳ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ቡሬን አየሁ። የእንጨት እሳት ላይ የተጣደ ሰፊ ብረት ነው፤ የካሳቫ ዱቄት በእጅ ተበትኖበት እየተጠፈጠፈ ይጋገራል። የምትጋግረው ሴት ጭሱን ሽሽት ፊቷን ወደ ጎን መልሳ፣ ዳሩን በጣቷ ስትሰበስብ ሳይ ምጣድ ፊት የተቀመጠች አክስቴን ያየሁ መሰለኝ። ቡሬን የታይኖዎች ነው፤ ዛሬ ድረስ ያቆዩት የሎይሳ ጥቁር ሴቶች ናቸው። ማኅተሙ ላይ ለየብቻ የቆሙት ሰዎች እዚህ ጓዳ ውስጥ አንድ ላይ ይሠራሉ።

በዓሉ የሐዋርያው ያዕቆብ ነው፤ እኛ ወልደ ዘብዴዎስ የምንለው። ስፔኖች ነጭ ፈረስ ላይ አስቀምጠው፣ ሰይፍ አስመዝዘው፣ ሙስሊሞችን ከፈረሱ እግር ሥር አስረግጠው ይሥሉታል። ለኢትዮጵያዊ ዓይን መጀመሪያ የሚመስለው ጊዮርጊስ ነው፤ ጎንበስ ብለው ካዩት ግን ከሥር ያለው ዘንዶ ሳይሆን ሰው ነው፣ ያውም ጠየም ያለ። ሎይሳ ይህን ቅዱስ ተቀብላ ሦስት አደረገችው፤ የወንዶች፣ የሴቶችና የልጆች። ጁላይ 26 የወንዶቹ፣ 27 የሴቶቹ፣ 28 የልጆቹ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን በእኛ ሐምሌ 19 ነው፤ እናቴ ገብርኤልን ልትሳለም ማልዳ የምትወጣበት ቀን። ምስሎቹን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቋቸው ቄሶች አይደሉም፤ ቤታቸው የሚያኖሯቸው ሴቶች ናቸው። በጣም የሚወደደው ትንሹ፣ የልጆቹ ነው። ከአንድ ዛፍ ላይ ተገኘ፤ ቤተ ክርስቲያን ቢወስዱት ተመልሶ ዛፉ ላይ ተገኘ ይላሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሥዕሉ የሚጠበቀው የፈረሰኛው ቅዱስ ድል ነው። መንገዱ ላይ ያየሁት ሌላ ነው። ስፔኖቹን የሚወክሉት ካባዬሮዎች ሪባንና መስታወት ተንጠልጥሎባቸው፣ የሽቦ ወንፊት ፊታቸው ላይ አስረው ያልፋሉ፤ ሕዝቡ በጨዋ ደንብ ያያቸዋል። ተሸናፊውን ወገን፣ ሰይጣንም ሙስሊሙም የሆነውን የሚወክሉት ቬሂጋንቴዎች ብቅ ሲሉ ግን ልጆች ይጮኻሉ፣ ስልክ ሁሉ ይነሣል። ክንፍ ያለው ባለቀለም ቀሚስ፣ ባለብዙ ቀንድ ጭንብል። የሎይሳን ሕዝብ ልብ የገዛው እንዲሸነፍ የተመደበው ነው። ዛሬ የደሴቷ የቱሪስት ማስታወቂያ ላይም፣ የማቀዝቀዣ ማግኔት ላይም እሱ አለ። ሌላም ገጸ ባሕርይ አለ፣ እብዷ ሴት የምትባለው፤ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ናቸው፣ መጥረጊያ ይዘው የሰው በረንዳ እየጠረጉ ሳንቲም ይለምናሉ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ጥላሸት ይቀባሉ። ጥቁር ሰው ጥቁር መስሎ ሲጫወት ማየቱ አልተመቸኝም፤ አጠገቤ ያሉት ግን ከልባቸው ነበር የሚስቁት።

ጭንብሉን ሲሠሩ በቅርብ አይቻለሁ። ከተማዋ ውስጥ በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው የአያላ ቤተሰብ ነው፤ ካስቶር አያላ የጀመረው ሱቅ መንገድ ዳር አለ። እኔ የተቀመጥኩት ግን አንድ ስሙ ባልወጣ ሠራተኛ ግቢ ነው። ኮኮናቱን ከነገለባው ይሰነጥቅና ውስጡን ያወጣል። የፍሬው ሹል ጫፍ አፍንጫና አገጭ ይሆናል፤ ፊቱን ይሠራል ከማለት ፍሬው ውስጥ ያለውን ፊት ያወጣል ማለት ይቀላል። ቀንዶቹን ለብቻ ጠርቦ ይተክላል፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይሰካል። የደቡቧ ከተማ ፖንሴ ጭንብሏን የምትሠራው ከወረቀትና ከሙጫ ነው። እሱ ስለ ወረቀቱ ሲናገር ከንፈሩን ጣል አደረገ። «ወረቀት ዝናብ ይፈራል» አለኝ፣ ጥርስ እየሰካ። ዋጋውን ስጠይቀው የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ጓደኞቼ ምን አብደሽ ነው ይሉኛል።

ማታ ቦምባ የሚባለው የከበሮ ጭፈራ ነበር። በርሜል ላይ የፍየል ቆዳ የተወጠረባቸው ከበሮዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ምቱን ይዞ ይቆያል፣ ፕሪሞ የሚባለው ግን ነፃ ነው፣ ሥራውም ከባድ። ጨፋሪዋ ወደ ክቡ ትገባና ለፕሪሞ መቺው እጅ ትነሣለች። ከዚያ በኋላ አዛዥ እሷ ናት። ትከሻዋን ስትሰብቅ ይመታል፣ ቀሚሷን ወደ ግራ ስትወረውር ይመታል፣ ቀጥ ብላ ስትቆም ዝም ይላል። መቺው ፊቷን አያይም፤ ዓይኑ የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ተተክሏል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ገቡና ለረጅም ጊዜ ምንም አላደረጉም፤ በዝግታ ብቻ ዞሩ። ድንገት የአንድ እግራቸውን ተረከዝ መሬት ላይ ጠቆም አደረጉ፤ ከበሮው ሳት አለው። ሕዝቡ ጮኸ። ሰውዬው ሳቀና አንገቱን ደፋ። እነዚህን ምቶች የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የነበሩ ባሪያዎች ነው ያቆዩአቸው። ባርነት በደሴቷ በሕግ የቀረው ማርች 22 ቀን 1873 ነው፤ ያም ሆኖ ነፃ የወጣው ሰው ለተጨማሪ ሦስት ዓመት በውል እንዲሠራ ተገድዷል።

ከሐምሌው ድግስ ውጭ ያለችውን ሎይሳ ግን ማስታወቂያው አያሳያትም። ባሕር ዳሩ መሬት ውድ ሆኗል፤ የሚሸጥ የሚል ሰሌዳ ጎን ለጎን ተተክሏል። ሰዎቹ ስለ መሬት ሲያወሩ አዶልፊና ቪያኑዌባን ያነሣሉ። የስድስት ልጆች እናት ነበረች፤ በፌብሩዋሪ 1980 ፖሊሶች ከቤቷ ሊያስለቅቋት መጥተው ተኩሰው ገደሏት። ስሟን ሲጠሩ ትናንት እንደሆነ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም። ስለ ጸጉርም ብዙ ሰማሁ። ሹሩባዬን እየነካች ልጅ ሳለች «መጥፎ ጸጉር» ተብላ እንዳደገች የነገረችኝ ወጣት፣ ሥራ ለመግባት ስትል ለዓመታት ስታስተኛው ኖራለች። በጸጉር ዓይነት ማግለልን የሚከለክለውን ሕግ በወቅቱ የደሴቷ ገዥ የነበሩት ፔድሮ ፒየርሉዊሲ የፈረሙት በጁላይ 2024 ነው። ዘግይቷል ብትል አልፈርድባትም።

በመጨረሻው ቀን የትንሹ ቅዱስ ሰልፍ እስኪደርስ በረንዳቸው ላይ ያስቀመጡኝ አንዲት እናት ነበሩ፤ ወንበር ሰጥተው፣ የኮኮናት ጣፋጭ አቅርበው «ብዪ ልጄ» ይሉኛል። ወሬው ስለ ሕዝብ ቆጠራ ሆነ። በ2000 ከደሴቷ ሰው 80.5 በመቶው ነጭ ነኝ ብሎ ነበር፤ በ2010 75.8 በመቶ። በ2020 ነጭ ብቻ ነኝ ያለው 17.1 በመቶ ሆነ፤ ግማሽ ያህሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር አለኝ አለ። በዐሥር ዓመት የሰው ቆዳ አልተለወጠም፤ ቅጹም መልስ የሚደረደርበት መንገድም ተቀይሯል። ግን ሰዉም ራሱን የሚያይበት ነገር ሳይንቀሳቀስ አልቀረም ባይ ነኝ። እማማ በዚህ አይስማሙም። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሦስት ልጆቻቸው ሦስት የተለያየ ሳጥን ላይ ምልክት አድርገዋል። «እኔ እናታቸው ምን ልሁን?» አሉኝ።

የ2020 ቅጽ ላይ ጥቁር ከሚለው ሳጥን ሥር ለምሳሌ ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል ኢትዮጵያዊ የሚል እንዳለ ነገርኳቸው። ፖርቶ ሪካዊ ግን ያለው ሌላ ጥያቄ ላይ ነው፣ ላቲኖ ነህ ወይ የሚለው ላይ፤ የዘር ጥያቄው ጋ የለም። ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና አስደገሙኝ። «እንግዲህ አንቺን ያውቁሻል» አሉ። «እኔ ጥቁር አልኩና መስመሩ ላይ ሎይሳ ብዬ በእጄ ጻፍኩ።»

ልጃቸው ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች። «እማማ፣ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የጻፍኩልሽ ቦሪኩዋ ነው።»

«ሎይሳ ጻፊ አላልኩሽም?»

«ሎይሳ ዘር ነው እንዴ?»

እማማ መልስ ሊሰጡ ተነሡ፤ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ሲመጣ ገና እየተጨቃጨቁ ነበር።