ብሩስ ሊን ያስረጀሁት እኔ ነኝ

የምሠራው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ስቱዲዮ እንላታለን። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈናል፤ በሩን በአሮጌ ፍራሽ ደግፈናል። እንዲያም ሆኖ ውሻ ከጮኸ ቀረጻ ይቆማል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላማ ጅቡም የራሱን ናሬሽን ይጀምራል።

ሦስት ነን። እኔ እጽፋለሁ፣ አንዷ ታነባለች፣ አንዱ ያቀናብራል። ደንበኛ ፎቶና ቪዲዮ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ዶክመንተሪ አድርገን እንመልስለታለን።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛ ብሩስ ሊን ይዞልን መጣ። ሐምሌ 13 ቀን ከሞተ 50 ዓመት ይሞላዋል፤ ለዚያ ቀን መድረስ አለበት አለን። ክፍያው ደህና ነው። ጊዜው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ።

እውነቱን ልናገር፣ ስለ ብሩስ ሊ ለመጻፍ ማንበብ ያስፈልገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረን ያየነው ሰው ነው። ኩንግ ፉ ይሁን ሌላ፣ ለእኛ ሁሉም «ካራቴ» ነበር። አሟሟቱንም ሁላችንም «እናውቅ» ነበር፦ ወይ በመርዝ፣ ወይ በሚስጥራዊ ምት።

ሳነብ ነው ሌላ ሰው ያገኘሁት። አባቱ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነበሩ። ለትርኢት አሜሪካ በሄዱበት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተወለደ። ገና ጨቅላ ሳለ ፊልም ላይ ታየ። ያደገው ሆንግ ኮንግ ነው። እዚያ ኢፕ ማን በሚባል መምህር ሥር ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ዓይነት እየተማረ፣ በጎን ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. የቻቻቻ ዳንስ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ለኤዲተራችን ስነግረው ግማሽ ቀን ሳቀ።

እኔን የያዘኝ ግን የጀርባው ነገር ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ሳያሟሙቅ 125 ፓውንድ ብረት ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያጎነብስ ጀርባውን ተጎዳ። ወደ 57 ኪሎ ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍና ትንሽ ምራቂ በሉት። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ እርግጫ የሚባል ነገር እርሳ አሉት። ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። ተኝቶም ዝም አላለም፤ ስለ ፍልሚያ የሚያስበውን ሁሉ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በዓለም የታወቁት ፊልሞቹ የመጡት ከዚያ አልጋ ከተነሳ በኋላ ነው። ይህቺን ክፍል ስድስት ጊዜ ጻፍኳት። ፓውንዱን ወደ ኪሎ ስቀይር እንኳ ሁለት ጊዜ ነው ያሰላሁት።

ከደንበኛው ጋር የተጣላነው በብሩስ ሊ አሟሟት ነው። ሰውዬው ሆንግ ኮንግ ውስጥ ራሱን አሞት፣ የራስ ምታት ክኒን ውጦ ተኛ፤ አልነቃም። አንጎሉ አብጦ ነበር። የሞቱን ምክንያት ያጣራው ችሎት ማንም ሆን ብሎ ያላደረሰው ድንገተኛ ሞት ነው አለ። ደንበኛው ግን «መርዙ የታለ? ያለ መርዝ ማን ያየዋል?» ብሎ ድርቅ አለ። እኔም ደረቅሁ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እሺ፣ በራስህ ኃላፊነት» ብሎ ተወው። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አድርግልኝ ብሎም ነበር። ኖቬምበር 27 ቀን 1940፣ ኅዳር 18 ቀን 1933። ጁላይ 20 ቀን 1973፣ ሐምሌ 13 ቀን 1965። ስቀይረው ደስ አለኝ። ጃንሆይ ከስደት በተመለሱበት ዓመት ተወልዶ፣ ከዙፋን ከመውረዳቸው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የሞተ ሰው ሆነ። እንዲህ ሲባል ማንም አዛውንት ቦታውን ያገኝለታል። ስክሪፕቱ ውስጥ አስገባሁት።

የመጨረሻው ትዕይንት ሲያትል ያለው መቃብሩ ነው። ድንጋዩ ላይ 1940 እና 1973 ተቀርጿል። ኤዲተሩ ከሥሩ በቢጫ ዓመቶቹን ሊጽፍ ፈለገ። የልደቱን ዓመት ከእኔ ስክሪፕት ወሰደ። የሞቱን ደግሞ ዓይኑ ፊት ካለው ድንጋይ። «1933 – 1973»። ምንም ዓ.ም.፣ ምንም እ.ኤ.አ. የለውም። ልጅቷ ከላዩ በሚያምር ድምጿ «በ32 ዓመቱ አረፈ» ትላለች።

መጨረሻ አይቶ የሚያሳልፈው እኔ ነኝ። ያን ምሽት መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ዘጠኝ ፐርሰንት ቀርቶታል። ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑን አደብዝዤ፣ ኢርፎን ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ድምፁ አንደኛ ነው። «ታይቷል፣ ይውጣ» ብዬ ለደንበኛው ላክሁ።

ሐምሌ 13 ጠዋት ወጣ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። የብሎኩ ዘበኛ ናቸው። አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

«አንተ ልጅ፣ ብሩስ ሊን ምን አድርጎህ ነው ያስረጀኸው?»

አየሁ። ቢጫው ጽሑፍ እንደ ፀሐይ ያበራል። ከላዩ ድንጋዩ 1940 ይላል። ላብ አጠመቀኝ።

«በጉርምስናዬ ሲኒማ ራስ ተሰልፌ ያየሁት ልጅ ነው» አሉ፤ «አርባ ዓመት ልታስደፍነው?»

ወዲያው ደንበኛው ደወለ። እሱም ተነግሮታል። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ዕድሜውን ሳታውቁ አሟሟቱን እንዴት አወቃችሁ?» አለኝ። ለመርዙ ሁለት ቀን የተከራከርኩት ሰውዬ መልስ አጣሁ። በኤዲተሩ እንዳላመካኝ፣ «ታይቷል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥድፊያ ሆነ። ኤዲተሩ ጽሑፉን 1940 – 1973 እ.ኤ.አ. አደረገው። ልጅቷ ልቀንስ ብላ 33 አገኘች። «እንዲያውም ድምፁም ስህተት ነበር!» ብላ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። እኔም በድንጋጤ «ቅጂው» አልኳት።

ዘበኛው አልሄዱም ነበር። በር ላይ ቆመው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። ኅዳር ተወልዶ ሐምሌ ከሞተ 33ን መች ደፈነ? በፈረንጅ ካልክ የዚያ ዓመት ልደቱ ገና አልደረሰም፤ አንድ ታጎድላለህ። በእኛ ግን ዓመቱ መስከረም ነው የሚገባው። ኅዳር ከሐምሌ ይቀድማል። 33ን ከ65 ቀንስ። 32። አለቀ።»

ሦስታችንም ተያየን። ልጅቷ ቀስ ብላ ማይኩን አጠፋች።

ሻይ ጋበዝናቸውና «ጋሼ፣ ይህን ነገር እንዴት እንዲህ ለመዱት?» አልኳቸው። ሳቁ። በጎልማሳነታቸው አንድ የውጭ ዜጎች ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነበሩ። የተወለዱት በ1950 ዓ.ም. ነው። ቅጹን የሞላው ጸሐፊ ቁጥሩን እንዳለ የፈረንጅ አድርጎ ጻፈው። በ2002 ዓ.ም. ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ስድሳ ዓመት ሞልቶዎታልና እናመሰግናለን። በ52 ዓመታቸው! ለማስተካከል የክርስትና ካርድ፣ የዕድር ምስክር፣ ያልያዙት ወረቀት አልነበረም። አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ ዓመተ ምሕረት ካዩ ሳይቀንሱ አያልፉም።

ፊልሙን በማግስቱ አርመን መልሰን ላክን። ደንበኛው ከክፍያው ትንሽ ቆረጠብን። ዝም አልን።

አሁን ሥራ ከመውጣቱ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ድምፅ ተቀንሶ ለጋሼ ይታያል። ክፍያቸው ሻይ ነበር፤ በቅርቡ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ማኪያቶ አሳድገውታል። ይገባቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ኳስ ተጫዋች ከመወለዱ አንድ ዓመት በፊት አንደኛ ክፍል አስገብተነው አገኙት።