ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረው ሲስፕላቲን

የካንሰር መድኃኒት ማዘጋጃ ክፍል ከተመደብኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ዓርብ አመሻሽ ላይ የሲስፕላቲን ካርቶን ተረከብኩ። የክፍሉ ሙቀት አሳሰበኝና ብልቃጦቹን ከቪንክሪስቲን ጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደርኳቸው። ቪንክሪስቲን ያለ ቅዝቃዜ አይቀመጥም፤ ብርቱ መድኃኒት ሁሉ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ታካሚ የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው እናት ነበሩ። ሲስፕላቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ አስቀድሞ የሚሰጠው ፈሳሽ ተጀምሮላቸዋል። ብልቃጡን አንስቼ መርፌ ልወጋ ስል ከታች ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ወደ ብርሃን አዞርኩት፤ ደቃቅ ክሪስታል ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ።

ኃላፊያችንን ጠራኋቸው። ብልቃጡን ገልብጠው አዩና "የት አደረ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

የሲስፕላቲን መሐሉ አንድ የፕላቲነም አተም ነው፤ ሁለት አሞኒያና ሁለት ክሎራይድ ተያይዘውበታል። ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። የእኛው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ብቻ ይዟል፤ ሲቀዘቅዝ ያችንም መያዝ ያቅተዋል። ከላይ ያለውን ጥሩ ፈሳሽ ቀድቼ ብሰጥ ኖሮ ታካሚዋ የሚያገኙት ከታዘዘላቸው ያነሰ ነበር። ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው፤ ማንም አያውቅም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ኃላፊያችን አልተቆጡም። በኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ክሎራይድ ባለበት የጨው ውሃ፣ የምናቀጥነው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ "መመሪያው ስለሚል" አልኩ። ክሎራይድ በበዛበት ፈሳሽ መድኃኒቱ የራሱን ክሎራይድ እንደማይለቅ፣ ክሎራይድ ወደሚያንስበት ሕዋስ ሲገባ ግን ውሃ እንደሚተካውና ፕላቲነሙ ዲ ኤን ኤውን እንደሚይዝ እዚያው ቆመው አስረዱኝ። ከዚያም መድኃኒቱ ሕዋስ እንዳይከፋፈል እንደሚያደርግ ስላገኘው ሳይንቲስት ስለ ባርኔት ሮዘንበርግ ነገሩኝ። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲመረምር ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ትተው እንደ ክር ረዘሙ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩን ከሚያስተላልፈው ኤሌክትሮድ የሟሟው ፕላቲነም ነበር። ግኝቱ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። "ያልጠበቀውን ነገር አይቶ አላለፈም" አሉኝ።

ብልቃጦቹን ለይተን ሪፖርት ጻፍን። ከቀድሞው ዙር የተረፉ ሁለት ብልቃጦች በካርቶናቸው እንዳሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኙ።

መድኃኒቱ ሲሰቀል ረፋዱ አልፎ ነበር።

"ልጄ፣ ምነው ዘገየ?" አሉኝ እናት።

"ያለ ቦታው አስቀምጬው ተበላሽቶብኝ ነበር እማማ። ሌላ አዘጋጀሁልዎ።"

እጄን ያዝ አደረጉኝ። "እንኳን አየሽው" አሉ።