ሌንሱን በአንድ ብር ሳንቲም ፈተንኩት

ያገለገለ ሌንስ የሚሸጥ ሰው ሁሌም «ብዙ አልሰራም» ይላል። የኔውም ሻጭ እንደዚያው አለ። ዕቃው የካኖን 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገሮችን በጣም ተጠግቶ የሚያነሳ ሌንስ) ነው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው። በ2009 የመጣው ቀይ መስመር ያለው ታናሹ የእጅ መንቀጥቀጥ ይከላከላል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እኔ የምፈልገው የሙሽሮችን ቀለበት ለማንሳት ነው፣ ካሜራውም ትራይፖድ ላይ ነው የሚውለው። አሮጌው ይበቃኛል። መታወቂያዬን አስይዤ ለአንድ ቀን ወሰድኩት።

መጀመሪያ በስልክ መብራት ውስጡን አየሁት። ትንሽ አቧራ አለ፣ ሻጋታ የለም። አቧራ ምንም አይል።

ቀጥሎ የአንድ ብር ሳንቲም። ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው። የካሜራዬ ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል) ቁመት ደግሞ 24 ገደማ። ሌንሱ የምር አንድ ለአንድ፣ ማለትም ዕቃውን በእውነተኛ መጠኑ ሴንሰሩ ላይ የሚያሳርፍ ከሆነ ሳንቲሙ ከላይና ከታች መቆረጥ አለበት። ተቆረጠ።

ላይቭ ቪውን (ካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ የሚታየውን ምስል) 10 እጥፍ አሳድጌ የአንበሳው ጋማ ላይ ፎከስ አደረግሁ። ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 22 አነሳሁ፤ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ሁሉም ደብዛዛ! ልደውልለት ስልኬን ሳነሳ ስክሪኑ ላይ አንበሳው ሲዘል አየሁ። ድብ። ድብ። ከላይ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ቡና እየወቀጠች ነው። የኮንዶሚኒየም ወለል እንደምታውቁት ነው፤ በዚህ ቅርበት ደግሞ የፀጉር ያህል ንቅናቄ ፎቶ ያበላሻል። ወቅጣ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነገር ሆነ። መሃሉ ኤፍ 2.8 ላይ እንኳ ጥሩ ነው፣ ግን ጥርት የሚለው ጥልቀት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ጋማው ሲጠራ ዙሪያው ይጠፋል። ኤፍ 8 ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ጋማው በምላጭ የተላገ ይመስላል። ለማዕዘኖቹ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጠፍኩ። አራቱም እኩል ናቸው። አንዱ ብቻ ቢደበዝዝ ኖሮ ሌንሱ ሳይወድቅ አይቀርም ብዬ እመልሰው ነበር።

ያሳፈረኝ ኤፍ 22 ነው። ለዓመታት ቀለበት ያነሳሁት በሱ ነበር፣ «ሁሉም እንዲጠራ» ብዬ። ጎን ለጎን ሳያቸው ከኤፍ 8 በጣም የደከመው እሱ ነው። እንዲህ ተጠግታችሁ ስታነሱ ኤፍ 22 ወደ ኤፍ 44 የተጠጋ ያህል ይሆናል፤ ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና ሁሉንም እኩል ያደበዝዛል። ያኔ ያነሳኋቸው ሙሽሮች ይቅር ይበሉኝ።

በመጨረሻ ማስመሪያ አጋድሜ፣ አጠገቡ የሚስቴን የብር ቀለበት አስቀምጬ በኤፍ 2.8 አነሳሁ። ከፎከሱ ፊት ያሉት መስመሮች ወይን ጠጅ፣ ከኋላ ያሉት አረንጓዴ ጠርዝ አወጡ። የቀለበቱ ጠርዝም እንደዚያው። ኤፍ 5.6 ላይ በጣም ቀነሰ። እኔ በኤፍ 8 ስለምሰራ ብዙም አይጎዳኝም፤ ለዋጋ ክርክር ግን ይጠቅመኛል።

ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ሌንስህ ብር ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፣ ትንሽ ቀንስልኝ።»

«ታዲያ ሰርግ አይደል እንዴ» አለኝ፣ «ያምራል!»

አምስት ሳንቲም አልቀነሰም። መታወቂያዬን ነገ እወስዳለሁ።