ድምፅ መስጠት የማትችለው እናቴና አራቱ ወረቀቶቿ

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ በሚገኘው ቤታችን፣ እናቴ እኔ ባስሞላኋት ማመልከቻ መሠረት በፖስታ የመጡላትን አራት ወረቀቶች ከሱፐርማርኬት የቅናሽ ማስታወቂያ ጋር ደርባ ልትጥላቸው ስትል ደረስኩባት። በእያንዳንዳቸው ላይ 25 ዶላር የሚል ተጽፎባቸዋል። እሷ የምታውቀው ኩፖን በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት የሚወጣበትን ስለሆነ «በዚህ ምን ይሰጡናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም እንደማይሰጡን፣ ይልቁንም ለከተማው ምክር ቤት ለሚወዳደር ዕጩ የምንሰጠው እኛ መሆናችንን ስነግራት አላመነችኝም። «ዜግነት የሌለኝን ሴትዮ ማን ከቁጥር ያስገባኛል?» አለችኝ።

የሲያትል መራጮች እ.ኤ.አ. በ2015 ባጸደቁት ደንብ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ ድምፅ መስጠት ባይችልም፣ «ዴሞክራሲ ቫውቸር» የሚባለውንና በንብረት ግብር የሚሸፈነውን ይህን ወረቀት ለመረጠው ዕጩ ፈርሞ መስጠት ይችላል። ዕጩውም ገንዘቡን ለማግኘት የወጪ ጣሪያ መቀበልና በክርክር መድረኮች መገኘት አለበት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንድ የከተማ ወረዳ ወንበር የሚወዳደር ከሆነ ቢያንስ ከ150 ሰዎች አነስተኛ መዋጮና ፊርማ ማሰባሰብ ይጠበቅበታል። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ሀብታም ወዳጅ ለሌለው፣ ነገር ግን ብዙ በር ላንኳኳ የሰፈር ተሟጋች የተሰፋ ይመስለኛል።

ይህን የምለው የእኛን የከተማ ወረዳ ታሪክ በቅርብ ስለማውቀው ነው። እስከ 2013 ድረስ ዘጠኙም የምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በመላው ከተማ ድምፅ ስለነበር፣ በአንድ ሰፈር ብቻ የሚታወቅ ሰው የመመረጥ ዕድሉ የጠበበ ነበር። በዚያ ዓመት መራጮች ሰባቱን መቀመጫዎች በወረዳ እንዲከፋፈሉ ወሰኑ። በ2015 በተካሄደው የመጀመሪያው የወረዳ ምርጫ፣ ማኅበረሰብን በማደራጀት ሥራ የሚታወቁት ታሚ ሞራሌስ የእኛ በሆነው በወረዳ 2 ተወዳድረው፣ ኋላ ከንቲባ በሆኑት በወቅቱ የምክር ቤት አባል ብሩስ ሃረል ከ400 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። በ2019 ሲመለሱ ግን ቫውቸሩ ለወረዳ መቀመጫዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ ምርጫውንም አሸነፉ። ድሉን ሙሉ በሙሉ ለወረቀቱ ልሰጠው አልፈልግም፤ ሃረል በዚያ ዓመት አልተወዳደሩምና።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ዕጩ ዘንድ የተላከ በጎ ፈቃደኛ በራችንን አንኳኳ። በእጁ የያዘው ዝርዝር ረጅም ነበር፣ ለአንድ ቤት የተመደበለትም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይመስለኛል፤ እናቴ ግን ቡና አፍልታ ስለነበር «አቦሉን ጠጥቼ ልሂድ» ማለት እንደማይቻል ሳያውቅ ተቀመጠ። እስከ በረካ ድረስም፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ላይ ከ2009 ጀምሮ ባቡሩ ከመኪናና ከእግረኛ እኩል መሬት ለመሬት የሚያልፍበትን ማቋረጫ ስትፈራው እንደምትኖር በእኔ አስተርጓሚነት ነገረችው። እርሱም በጥሞና ጻፈ። ወደ ፊርማው ሲመጣ ግን እጇ ቆመ። ማን ለማን ቫውቸር እንደሰጠ ለሕዝብ ይፋ እንደሚሆን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ በደርግ ዘመን ስም የሰፈረበት ወረቀት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ላየች ሴት፣ ይህ ግልጽነት ሳይሆን ማጋለጥ ነው። ብዙ ከለመናት በኋላ አንዷን ብቻ ፈረመች።

የተቀሩትን ሦስቱን «ለዚያ ለእኛው ልጅ» መስጠት ፈልጋ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ስደተኛ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ በዚያው ዓመት ይወዳደር ነበር፤ የሚወዳደረው ግን ከከተማው ሰፋ ላለው አስተዳደር፣ ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ስለሆነ፣ የከተማው ቫውቸር ለእርሱ አይሠራም። ይህን ማስረዳት ከሁሉም አድካሚው ነበር። እርሱ ግን ያለ እሷ ወረቀት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በመቀመጫው የቆዩትን ላሪ ጎሴትን አሸነፈ።

ተሟጋች ሲመረጥ ምን ይለወጣል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ያሳስበኛል። ከመመረጡ በፊት ማንም ነዋሪ እንደሚያደርገው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ እውነቱን ተናግሮ ይወርዳል፤ ከተመረጠ በኋላ ግን አንድን ሐሳብ ለማስወሰን አምስት ድምፅ፣ ከንቲባው ውድቅ ያደረገውን ለመመለስ ደግሞ ስድስት ድምፅ መፈለግ አለበት። ሞራሌስ በ2023 በጥቂት መቶ ድምፅ ልዩነት እንደገና ቢመረጡም፣ ምክር ቤቱ ውስጥ የገጠማቸው የሥራ ሁኔታ እንደጎዳቸው ተናግረው በጃንዋሪ 2025 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በቦታቸው የተሾሙትም በ2019 በእርሳቸው የተሸነፉት ማርክ ሰለሞን ሆኑ። እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም፤ ሆኖም ለመወዳደር የሚያስብ የሰፈራችን ሰው ከምርጫ ዘመቻው ይልቅ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ እወዳለሁ።

እናቴ ዛሬም ያንን ማቋረጫ ስትሻገር እጄን አጥብቃ ትይዛለች። ሦስቱ ወረቀቶች ጊዜያቸው ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ እሷ ግን በጸሎት መጽሐፏ ገጾች መካከል አጥፋ አስቀምጣቸዋለች።