ኤደን ያን ቀን ምን አለ?

አባዬ አንቶኒ ኤደንን ካነሳ «ወዳጃችን» ሳይል አያልፍም። በስደት ዘመን ከኛ ጋር የቆመ እንግሊዛዊ እሱ ነው ባይ ነው። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሰውየው የተናገረውን ራሱን ማየት አማረኝ። ባለፈው ሳምንት የአዳማ ሙቀት እንቅልፍ ሲነሳኝ ስልኬን ይዤ ፍራንኮ ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ወጣሁ።

የእንግሊዝ ፓርላማ ቃለ ጉባኤ ሃንሳርድ ይባላል፤ ስሙ ከቀድሞ አታሚው ከቶማስ ሃንሳርድ የቀረ ነው። በፈረንጆቹ ከ1803 እስከ 2005 ያለው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። «ኢትዮጵያ» ብዬ ስፈልግ የጣሊያን ወረራ ጊዜው ክርክር እምብዛም አልወጣም። ያኔ በብዛት «አቢሲኒያ» ነበር የሚሉን። የኛንም ከተማ በድሮ ወረቀት የሚፈልግ ሰው «ናዝሬት» ማለት አለበት።

ከቃል ይልቅ በተናጋሪው ስም መግባት ይሻላል። እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል የራሱ ገጽ አለው፤ ንግግሩ በየዓመቱና በየቀኑ ተደርድሯል። ጽሑፉ ከታተመ ጥራዝ በማሽን የተለቀመ ስለሆነ አልፎ አልፎ ፊደል ይሳሳታል፣ ያኔ በቃል ፍለጋ አይገኝም።

አገኘሁት። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941፣ በኛ ጥር 27 ቀን 1933። ጃንሆይ በኦሜድላ ድንበሩን ከተሻገሩ አሥራ አምስት ቀን ሆኗል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን፣ መንግሥታቸው ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት እንደገና ሲቆም በደስታ እንደሚቀበልና ለጃንሆይ የዙፋን መብት ዕውቅና እንደሚሰጥ ይናገራል። አባዬ ልክ ነው።

ገጹን ወደ ላይ ገፋሁት። ጁን 18 ቀን 1936፤ ሰኔ 11 ቀን 1928። ያው ሰው፣ በያው ሥልጣን። ማዕቀቡ የታሰበለትን ዓላማ እንዳላሳካ ያስረዳና፣ መንግሥታቸው በጣሊያን ላይ የተጣለው እንዲነሳ መወሰኑን ይናገራል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ በዚያው ቀን ተነስቶ መንግሥትን ክፉኛ ወቀሰ። ሁሉንም አነበብኩ፤ ሊነጋጋ ሲል ነው የጨረስኩት።

ተማሪዎቼ ከቴሌግራም የሚያመጡልኝ ጥቅስ ቀን የለውም። ማን ጠይቆ፣ ማን ተቃውሞ እንደነበረም አይታወቅም። አንዱ ብቻ ቢደርሰኝ እኔም አንዱን ኤደን ብቻ ይዤ እቀር ነበር፤ ወይ ወዳጁን፣ ወይ ከዳተኛውን።

ጠዋት ቡና ላይ ሁለቱንም እየተረጎምኩ ለአባዬ አነበብኩለት። የ1933ቱን ፈገግ ብሎ ሰማ። ሁለተኛው ላይ ስኒውን ረከቦቱ ላይ መለሰው።

«ጃንሆይ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«እዚያው ለንደን። ከገቡ ሁለት ሳምንታቸው ነው።»

ዝም ብሎ ቆየና፣ «እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢው» አለኝ።