በእርድ ቅጠል የሚበስለው እንዱሪ

ቡባነሽዋር የገባሁት በኅዳር ነው። ምሥራቅ ሕንድ ያለችው የኦዲሻ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሰው ሁሉ የሚያወራላችሁ ስለ ቤተ መቅደሶቿ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን ሊንጋራጅን ግን ከውጭ ነው ያየሁት፤ ሂንዱ ያልሆነ አይገባም። እኔን የሳበኝ ገበያው ነው። መንገድ ዳር ሁሉ የእርድ ቅጠል በእስር በእስሩ ይሸጣል።

ነገሩን ያስረዱኝ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ ማውሲ፣ አክስቴ፣ ነው የምላቸው። ማግሥቱ ፕራትማሽታሚ ነበር፣ የበኩር ልጅ በዓል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ከእናቱ ወንድም የተላከለትን አዲስ ልብስ ይለብሳል። የሊንጋራጅ አምላክ ምስል እንኳ በዚያ ቀን በሰልፍ ወደ አጎቱ ቤት ይወሰዳል፤ ካፓሊ የሚባል ገዳም ነው። በእርድ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለው የሩዝ ቂጣ፣ እንዱሪ ፒታ፣ የሌለበት ፕራትማሽታሚ ደግሞ አይታሰብም።

ማውሲ ሩዝና ቢሪ የሚሉትን ጥቁር ማሾ ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው አሳድረውታል። ጠዋት ሊጡ ኩፍ ብሏል። የታጠበውን ቅጠል ዘርግተው ሊጡን በስሱ ቀቡት። መሀሉ ላይ የተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከሸንኮራ ጭማቂ የሚሠራ ቡናማ ስኳር፣ ትንሽ አይብ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ አደረጉና አጠፉት። ውሃ የተጣደበት ድስት አፉ ላይ ጨርቅ ተወጥሮ ታስሯል። ጥቅሎቹ እሱ ላይ ተደርድረው፣ ተከድነው በእንፋሎት በሰሉ።

ሽታው ልዩ ነው! ድፎ በኮባ ሲደፋ ቤቱን እንደሚሞላው ነው፤ ይሄኛው ግን ወደ ዝንጅብል ያደላል። ቅጠሉ አይበላም። ሲላጥ ጅማቶቹ ነጩ ፒታ ላይ መስመር መስመር ሠርተው ይቀራሉ። ላዩ ለስለስ፣ ኮምጠጥ ይላል፤ ውስጡ ይጣፍጣል። በእኔ ግምት የምግቡ ነፍስ ያ የማይበላው ቅጠል ነው።

የማውሲ የበኩር ልጅ ከባንጋሎር መጥቷል። «ልጅ እያለሁ ሳይበስል ክዳኑን እየከፈትኩ እናቴን አስቸግራት ነበር» አለኝ። አሁንም ከድስቱ አልራቀም።

«አንተስ ለእናትህ ስንተኛ ነህ?» አሉኝ ማውሲ።

«የመጀመሪያ ነኝ።»

ወዲያው ከልጃቸው ጎን አስቀመጡኝ። የዘይት መብራቱን በሁለታችንም ፊት አዞሩ፣ ግንባራችንን ቀቡ፣ ከዚያ ትኩሱን አቀረቡልን። አገሬንና እናቴን አስታወሱኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

የተረፈውን በማግሥቱ ቆራርጠው፣ በቅቤ ጠብሰው ከሻይ ጋር ሰጡኝ። እሱም ይጥማል፤ እንደኔ እንደኔ ግን ከድስቱ የወጣው ይበልጣል።